ከጅማ ሆኖ ለውጭ የክረምት ምርምር ፕሮግራም ማመልከት፦ ፋይሉ የት ይወድቃል፣ በምን ያልፋል

ከሰኔ እስከ ነሐሴ ባለው ጊዜ ብዙ የውጭ የምርምር ተቋማት ዲግሪያቸውን ገና ያልጨረሱ የሳይንስ ተማሪዎችን ተቀብለው ያሠራሉ። ተማሪው ለሁለትና ሦስት ወር በአንድ የምርምር ቡድን ውስጥ ይመደባል፤ በዚያ ጊዜ ሊያልቅ የሚችል አነስተኛ ጥያቄ ይሰጠዋል፤ መጨረሻ ላይ ፖስተር ወይም አጭር ሪፖርት ያቀርባል። ጥሩዎቹ ፕሮግራሞች የአውሮፕላን ትኬት፣ መኝታ፣ የጤና መድንና የኪስ ገንዘብ ይሸፍናሉ።

በጅማ ዩኒቨርሲቲ ግቢዎች ውስጥ በሰፊው የሚታመነው ይህ ዕድል የሰቃዮች ብቻ ነው ተብሎ ነው። ውጤት ዋጋ አለው፤ አንዳንዱ ፕሮግራም ዝቅተኛ ነጥብ ያስቀምጣል። ከዚያ መስመር በላይ ላለ ተማሪ ግን የሚወስኑት ሌሎች ነገሮች ናቸው፦ በሩ ለእሱ ክፍት መሆኑን አስቀድሞ ማጣራቱ፣ በእጁ ያለውን የምርምር ልምድ አውጥቶ መጻፍ መቻሉ፣ በቅርብ የሚያውቀው መምህር በሰዓቱ ደብዳቤ መላኩ። በተለይ ሁለተኛው ላይ የጅማ ተማሪ ብዙ ሀብት ይዞ ባዶ እጁን እንዳለ ሆኖ ያመለክታል። ወደ እሱ እንመለሳለን።

በሩ ክፍት ነው ወይ?

በቴሌግራም ቻናሎች «ፉሊ ፈንድድ» (ወጪው ሙሉ በሙሉ የተሸፈነ) እየተባሉ ከሚለጠፉት ውስጥ ጥቂት የማይባሉት ለኢትዮጵያ ተማሪ ከመጀመሪያውም አልተከፈቱም። የአሜሪካ ብሔራዊ የሳይንስ ፋውንዴሽን የሚከፍልበት አር.ኢ.ዩ የተባለው የተማሪዎች ምርምር ፕሮግራም የአሜሪካ ዜግነት ወይም ቋሚ መኖሪያ ይጠይቃል። የጀርመኑ የአካዳሚክ ልውውጥ ድርጅት ዳድ «ራይዝ» የሚለው ፕሮግራም በሰሜን አሜሪካ፣ በብሪታኒያና በአየርላንድ ዩኒቨርሲቲዎች ለሚማሩ የተዘጋጀ ነው። የካናዳው ማይታክስ ግሎባሊንክ ከዘረዘራቸው አገሮች ዩኒቨርሲቲዎች ብቻ ይወስዳል። እነዚህ ላይ ሁለት ሳምንት ማቃጠል ከንቱ ድካም ነው፤ ስለዚህ ከማንኛውም ነገር በፊት «ማን ማመልከት ይችላል» የሚለውን ገጽ እስከ መጨረሻው አንብቡ። አሳጥሮ የለጠፈው ሰው ያንን መስመር ሊዘለው ይችላል።

ክፍት ከሆኑት መካከል ጄኔቫ ያለው የፊዚክስ ምርምር ማዕከል ሰርን አንዱ ነው። አባል ካልሆኑ አገሮችም በፊዚክስ፣ በኮምፒዩተር፣ በምህንድስናና በሒሳብ ዘርፍ ተማሪ ይቀበላል፤ እስከ ክረምቱ ድረስ ቢያንስ ሦስት ዓመት የዩኒቨርሲቲ ትምህርት መጨረስን ይጠይቃል። የጀርመኑ የፊዚክስ ምርምር ማዕከል ዴዚ በሀምቡርግና በበርሊን አጠገብ ባለው ማዕከሉ በተለይ ለፊዚክስና ለተያያዥ ዘርፎች ተማሪዎች ተመሳሳይ ፕሮግራም አለው። ለባዮሎጂና ለባዮቴክኖሎጂ ተማሪ የቪየና ባዮሴንተር የክረምት ትምህርት ቤት መታየት ያለበት ነው። ሳዑዲ ዓረቢያ ያለው ካውስት የተባለው ዩኒቨርሲቲ ከሦስት እስከ ስድስት ወር የሚቆይ የጎብኚ ተማሪ ፕሮግራም አለው፤ ዓመቱን ሙሉ ያመለክቱበታል፤ በወር 1,000 ዶላር ገደማ፣ መኖሪያና ትኬት ይሰጣል፤ አማካይ ውጤት ከ4.00 ቢያንስ 3.5 ይፈልጋል። የጃፓኑ ኦኪናዋ የሳይንስና ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩትም ከሁለት እስከ ስድስት ወር ለሚቆይ ተለማማጅነት ትኬት፣ መኖሪያና የቀን አበል ይከፍላል። የመጨረሻዎቹ ሁለቱ በክረምት ብቻ የታጠሩ ስላልሆኑ የትምህርት ካሌንደሩ ለተዛባበት ተማሪ ይመቻሉ።

ከዜግነት ቀጥሎ የሚጥለው የትምህርት ዓመት ነው። አብዛኞቹ ፕሮግራሞች በሚካሄዱበት ጊዜ ተማሪው የተመዘገበ ሆኖ እንዲቆይ ይፈልጋሉ። ሰኔ ወይም ሐምሌ ላይ የሚመረቅ ተማሪ «አሁንም ተማሪ ነኝ» ብሎ ቢያመለክትም ቅጹ የምረቃ ቀን ይጠይቀዋል፤ እዚያ ላይ ይቆማል። በዚያ ላይ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመውጫ ፈተና አለ፤ ቀኑ ከጉዞው ጋር ሊጋጭ ይችላል። ስለዚህ ትክክለኛው ክረምት ከመመረቂያው በፊት ያለው ነው፦ አራት ዓመት ለሚማረው ከሦስተኛ ወደ አራተኛ፣ አምስት ዓመት ለሚማረው የኢንጂነሪንግ ተማሪ ከአራተኛ ወደ አምስተኛ ሲያልፍ። ማመልከቻው ደግሞ ከዚያ ክረምት ስድስት ወር ቀድሞ ይገባል።

ቀኑና ሰዓቱ

የአውሮፓ ፕሮግራሞች ብዙዎቹ በጃንዋሪ መጨረሻ ይዘጋሉ። ጃንዋሪ 31 በእኛ ጥር 23 ነው፤ ጳጉሜን ስድስት ከሆነች በኋላ በሚመጣው ዓመት ግን ጥር 22 ይሆናል። የኦኪናዋው በዓመት ሁለት ጊዜ ይዘጋል፤ የተለመዱት ቀኖች ኦክቶበር 15 እና ኤፕሪል 15 ናቸው፤ እነሱም ጥቅምት 5 (ጳጉሜን ስድስት ከሆነች በኋላ ጥቅምት 4) እና ሚያዝያ 7 ላይ ይውላሉ። ቀኖቹ ከዓመት ዓመት ሊንሸራተቱ ስለሚችሉ የዘንድሮውን ከተቋሙ ገጽ ላይ ውሰዱ።

ሰዓቱ ሌላ ወጥመድ ነው። ጄኔቫ ወይም ቪየና እኩለ ሌሊት ሊሆን አንድ ደቂቃ ሲቀረው ጅማ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ከ59 ነው፤ ሁለት ሰዓት ትርፍ አላችሁ። ጃፓን ላይ ግን ነገሩ ይገለበጣል፦ በእነሱ እኩለ ሌሊት ሊሆን አንድ ደቂቃ ሲቀረው በእኛ ገና ከቀኑ 11 ሰዓት ከ59 ነው። «ማታ ዶርም ገብቼ እልካለሁ» ያለ ተማሪ በሩ ተዘግቶ ያገኘዋል። የመብራትና የኢንተርኔቱ ነገር ስለሚታወቅ ከመዝጊያው ሦስት ቀን በፊት መላክ ጥሩ ልማድ ነው። ሰነዶቹን በፒ.ዲ.ኤፍ. አዘጋጅታችሁ መጠናቸውን ቀንሱ። በስልክ ፎቶ የተነሳ ትራንስክሪፕት ብዙ ጊዜ ከተፈቀደው የፋይል መጠን ያልፋል፤ ደግሞም ጠርዙ ላይ የጣት ጥላ ይታያል።

ወረቀቶቹ

እስካሁን የወሰዳችሁት ኮርስ ሁሉ የሰፈረበት ስቱደንት ኮፒ ለማመልከቻው አብዛኛውን ጊዜ ይበቃል። ኦፊሻል የሚባለው ትራንስክሪፕት ካለፋችሁ በኋላ ሊጠየቅ ይችላል። ቅጹ «ነጥብህ ከስንት ነው» ሲል 4.00 በሉ፤ በአሥር ወይም በመቶ ለመቀየር አትሞክሩ፤ ራስ በራስ የተሰላ ቅያሪ ጥርጣሬ ብቻ ነው የሚጋብዘው። ቶፍል ወይም ሌላ የቋንቋ ፈተና የሚጠይቀው ፕሮግራም ጥቂት ነው፤ በሌላው ዘንድ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ የሚሰጥ መሆኑን የሚገልጽ የሬጅስትራር ደብዳቤ ይሠራል። እንደውም ፕሮግራሙ የቋንቋ ፈተና ሳይጠይቃችሁ ለፈተና ገንዘብ አታውጡ።

ስም ላይ ተጠንቀቁ። የእኛ ስም የራስ፣ የአባትና የአያት ነው፤ ቅጹ ደግሞ የሚጠይቀው «የቤተሰብ ስም» ነው። መልሱ ፓስፖርቱ ላይ በየትኛው ሣጥን ምን እንደተጻፈ ማየት ነው፤ እሱን መገልበጥ እንጂ ሌላ ፍልስፍና አያስፈልገውም። «መሐመድ» በእንግሊዝኛ በአንድ ወይም በሁለት «ም» ሊጻፍ ይችላል፤ ትራንስክሪፕቱና ፓስፖርቱ ከተለያዩ አሁን ይስተካከል፤ ቪዛ ላይ ሲደረስ ጊዜ የለም። የልደት ቀንም እንዲሁ ነው፤ በኢትዮጵያ አቆጣጠር የተሞላ ዓመት ሳይቀየር እንግሊዝኛ ሰነድ ላይ ከገባ ተማሪው በአንድ ወረቀት 21፣ በሌላው 28 ዓመቱ ይሆናል። ፓስፖርት የሌለው ተማሪ የፕሮግራሙን ውጤት ሳይጠብቅ ለፓስፖርት ማመልከት አለበት።

ያላችሁን ልምድ ማውጣት

ሲቪው ላይ «የምርምር ልምድ» የሚለው ሣጥን ሲመጣ ብዙ ተማሪ ባዶ ይተወዋል። የጅማ ዩኒቨርሲቲ ትምህርት በማኅበረሰብ ላይ የተመሠረተ ነው፤ ሲ.ቢ.ቲ.ፒ (በማኅበረሰብ ውስጥ የሚሰጥ የመስክ ሥልጠና)፣ በጤናው በኩል ቲ.ቲ.ፒ (የቡድን ሥልጠና)፣ ከዚያም ኤስ.አር.ፒ የሚባለው የተማሪ ምርምር አለ። ቀበሌ ወርዶ መጠይቅ ያስሞላ፣ መረጃውን ኤስ.ፒ.ኤስ.ኤስ በተባለው የስታቲስቲክስ ሶፍትዌር ውስጥ ያስገባ፣ ችግሮቹን በቅደም ተከተል ያስቀመጠ፣ ሪፖርት ጽፎ የተከራከረ ተማሪ ምርምር ሠርቷል። የትም አገር ያለ የሁለተኛ ዓመት የባዮሎጂ ተማሪ ይህንን ይዞ የሚመጣ እንዳይመስላችሁ። ችግሩ አጻጻፉ ላይ ነው።

«በሲ.ቢ.ቲ.ፒ ተሳትፌያለሁ» የሚል መስመር ለጄኔቫ ወይም ለኦኪናዋ አንባቢ ምንም አይነግረውም፤ ምህጻረ ቃሉን በሕይወቱ ሰምቶት አያውቅም። መጀመሪያ በአንድ ሐረግ ምን እንደሆነ ግለጹ፤ ቀጥሎ የቡድኑን ሥራ በቁጥር፣ ከዚያ የራሳችሁን ድርሻ በግልጽ ግሥ ጻፉ። ለምሳሌ፦ «አሥር አባላት ባሉት ቡድን፣ በአንድ ቀበሌ 120 አባወራዎች ላይ የመጠጥ ውኃ አያያዝ ጥናት፤ የመጠይቁን ሦስተኛ ክፍል አዘጋጀሁ፣ 30 ቤቶችን ጠየቅሁ፣ ሁሉንም መረጃ አጸዳሁና ሠንጠረዦቹን ሠራሁ።» ቁጥሮቹ የእናንተው እውነተኛ ቁጥሮች መሆን አለባቸው። ከባልደረባው ጋር አንድ ላይ ያመለከተ ተማሪ ሁለቱም «መረጃውን የተነተንኩት እኔ ነኝ» ካሉ ኮሚቴው ጎን ለጎን ያነባቸዋል።

የመደበኛ ኮርስ ላብም ይቆጠራል፤ ሆኖም የምትጽፉት የኮርሱን ስም ሳይሆን እጃችሁ የለመደውን ነገር ነው፦ ቲትሬሽን፣ ግራም ስቴይን፣ የአፈር ፒ.ኤች. መለካት፣ በፓይተን ወይም በአር መረጃ መሣል። አንድ ጊዜ መምህሩ ሲሠራ ያያችሁትን ፒ.ሲ.አር. (ዲ.ኤን.ኤ. የማባዣ ዘዴ) «እችላለሁ» ብላችሁ አትጻፉ። ቃለ መጠይቅ ላይ መጀመሪያ የሚነሳው እሱ ነው፤ «ፕራይመሩ ስንት ዲግሪ ላይ ነበር የሚጣበቀው?» ሲባል ዝም ከማለት «ሲሠራ አይቻለሁ፣ መርሑን አውቃለሁ፣ በእጄ አልሠራሁም» ብሎ መጻፍ ይሻላል። ፎቶ፣ ሃይማኖት፣ የጋብቻ ሁኔታ፣ የትውልድ ቦታ ለአገር ውስጥ ሥራ ማመልከቻ ቢለመዱም እዚህ ቦታ የላቸውም። አንድ ገጽ ይበቃል፤ ሁለት ከሆነም ጥፋት አይደለም።

የፍላጎት መግለጫው

ይህ ከሁሉም በላይ ጊዜ የሚፈልገው ክፍል ነው። የተለመደው አጀማመር እንዲህ ይላል፦ «ከልጅነቴ ጀምሮ ለሳይንስ ልዩ ፍቅር ነበረኝ። ተቋማችሁ በዓለም የታወቀ በመሆኑ ዕውቀቴን አዳብሬ አገሬን ማገልገል እፈልጋለሁ።» ውሸት የለበትም፤ ግን ስሙን ፍቆ የሌላ ሰው ስም ቢገባበት ምንም አይለወጥም። አንባቢው በአንድ ቀን ብዙ እንዲህ ዓይነት አይቷል።

አሁን ደግሞ ይህንን ተመልከቱ፤ ማመልከቻው በእንግሊዝኛ ቢጻፍም ሐሳቡ ይኸው ነው። «በሦስተኛ ዓመት ፕሮጀክታችን አዌቱ ወንዝ ላይ ከከተማው በላይ፣ መሀል ከተማና ከከተማው በታች ናሙና ወስደን በውኃው ውስጥ የሟሟውን ኦክስጅን ለካን። የመጀመሪያው ዙር ውጤት እርስ በርሱ አልገጠመም። ናሙናውን ወንዙ ዳር ሳናጸናው ቤተ ሙከራ ድረስ ስላመጣነው በመንገድ ላይ መለወጡን ተረዳን፤ በሁለተኛው ዙር እዚያው ማንጋኒዝ ሰልፌትና አልካላይን አዮዳይድ ጨመርንበት። አሁን ያልተመለሰልኝ ጥያቄ ኦክስጅኑን የሚጨርሱት የትኞቹ ባክቴሪያዎች እንደሆኑ ነው። ቡድናችሁ ከውኃ ናሙና በቀጥታ ዲ.ኤን.ኤ. እያወጣ ዝርያዎችን ይለያል፤ እኔ መማር የምፈልገው ያንን ዘዴ ነው።»

ይህ ለምን ይሠራል? ቦታው ይታያል፤ ሥራው ይታያል። ከሁሉ በላይ የተሳሳተው ነገር ለምን እንደተሳሳተ ተማሪው ያውቃል፤ ኮሚቴው የሚፈልገው ይህንን ነው፤ ምክንያቱም ቤተ ሙከራ ውስጥ አብዛኛው ቀን የሚያልፈው ባልሠራ ነገር ላይ ነው። የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር ደግሞ ከዚያ ቡድን ውጭ ለሌላ ሊላክ አይችልም። ያንን ለመጻፍ የቡድኑን ገጽና አንድ የቅርብ ጊዜ ጽሑፋቸውን ማንበብ ግድ ነው። ሁሉንም መረዳት አያስፈልግም፤ ማጠቃለያውን፣ ሥዕሎቹንና «ወደፊት» የሚለውን አንቀጽ አንብባችሁ አንድ እውነተኛ ጥያቄ ከያዛችሁ ይበቃል።

የቡድን ምርጫ ስታስቀምጡ ሦስቱንም ዝነኛ ቤተ ሙከራ አታድርጉ። ቅጹ ሁለተኛና ሦስተኛ ምርጫ የሚጠይቀው ምክንያት አለው፤ መጀመሪያው ሲሞላ ፋይላችሁ ወደሚቀጥለው ይሄዳል፤ መግለጫው ስለ መጀመሪያው ብቻ ከሆነ እዚያ ሲደርስ ባዕድ ይሆናል። መግለጫውን በሰው ሠራሽ አስተውሎት ማጻፍ አሁን ቀላል ሆኗል። ሰዋስው ቢያርምላችሁ ክፋት የለውም፤ ሙሉውን ካስጻፋችሁት ግን የሚወጣው ያ «ከልጅነቴ ጀምሮ» የሚለው በሚያምር እንግሊዝኛ ነው።

ደብዳቤ ጻፊዎቹ

ብዙ ተማሪ የኮሌጁን ዲን ወይም የዲፓርትመንት ኃላፊውን ይፈልጋል፤ ማዕረጉ ከባድ ነው፣ ማኅተሙም ቅርብ ነው። ነገር ግን ዲኑ የሚያውቀው ስማችሁንና ውጤታችሁን ብቻ ከሆነ ደብዳቤው «ትጉህና ሥነ ምግባር ያለው» ከማለት አያልፍም። ላብ ውስጥ አብሯችሁ ያመሸ ወጣት ሌክቸረር «ሙከራው ሦስት ጊዜ ከከሸፈ በኋላ የመፍትሔውን ሐሳብ ያመጣችው እሷ ናት» ብሎ መጻፍ ይችላል። የሁለተኛው ይመረጣል። ክብ ማኅተም ብዙም አይፈለግም፤ የሚፈለገው የዩኒቨርሲቲው አርማ ያለበት ወረቀትና የዩኒቨርሲቲ ኢሜይል ነው። መምህሩ ጂሜይል ብቻ የሚጠቀም ከሆነ የተቋሙን አድራሻ እንዲያስነሳ ቀደም ብላችሁ በትሕትና ጠይቁ፤ አንዳንድ ሥርዓት የግል ኢሜይልን ጭራሽ አይቀበልም።

ከመዝጊያው አምስት ወይም ስድስት ሳምንት በፊት ጠይቁ፤ በአካል ቢሮ ሄዳችሁ። «ዶክተር፣ ጊዜ ካለዎት ጥሩ ደብዳቤ ሊጽፉልኝ ይችላሉ?» ብሎ መጠየቅ ለመምህሩም መውጫ ይሰጣል፤ ካመነታ ሌላ ፈልጉ። ከተስማማ አንድ ገጽ ስጡት፦ የፕሮግራሙ ስም፣ የመዝጊያው ቀን በሁለቱም አቆጣጠር፣ ሲቪ፣ እሱ ፊት የሠራችኋቸው ሁለት ሦስት ነገሮች። እኛ ዘንድ «አንተው ጽፈህ አምጣና እፈርምበታለሁ» ማለት የተለመደ ነው። ይህ ለመምህሩ ቀላል ለተማሪው ጎጂ ነው፤ መግለጫውና ደብዳቤው አንድ ዓይነት የእንግሊዝኛ ስህተት ይዘው ሲመጡ ማን እንደጻፈው ይታወቃል። እንዲህ ሲሏችሁ ደብዳቤ ሳይሆን ከላይ ያለውን የነጥብ ገጽ ውሰዱላቸው፤ አብዛኛው መምህር ከዚያ ተነስቶ ራሱ ይጽፋል።

ማመልከቻውን ሳትጨርሱም ቢሆን የመምህሩን ኢሜይል አስቀድማችሁ አስገቡ፤ ሥርዓቱ የሚልከው ሊንክ ብዙ ጊዜ ስፓም ውስጥ ይገባል። በማግሥቱ «ደረሰዎት ወይ?» ብሎ መጠየቅ ነውር አይደለም። ከመዝጊያው አንድ ሳምንት በፊት ደግሞ አንድ ጊዜ አስታውሱ።

ካለፋችሁ በኋላ፦ ገንዘብና ቪዛ

ቃለ መጠይቅ ካለ በቪዲዮ ነው፤ ሃያ ሠላሳ ደቂቃ። ሰዓቱን በጽሑፍ አረጋግጡ፤ «በ10 ሰዓት» ሲሉ በእኛ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ይሁን ወይስ በእነሱ አገር 10፣ ማጣራት ያስፈልጋል። የሞባይል ዳታ በመጠባበቂያ ያዙ።

የመቀበያ ደብዳቤው ላይ «የጉዞ ወጪ ይሸፈናል» የሚለው ሁለት ትርጉም አለው፦ ትኬቱን እነሱ ይገዛሉ ወይም እናንተ ገዝታችሁ በኋላ ይመልሳሉ። ሁለተኛው ከሆነ ቶሎ ጻፉላቸው። የውጭ ምንዛሪ ማግኘት እንደሚቸግርና ትኬቱ በቅድሚያ እንዲገዛላችሁ ብትጠይቁ ብዙ አስተባባሪ ያመቻቻል፤ ያልጠየቀ ግን አይመቻችለትም። አበሉ በወሩ መጨረሻ የሚከፈል ከሆነም ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የቅድሚያ ክፍያ እንዳለ ጠይቁ። በተቃራኒው «ተቀባይነት አግኝታችኋል፣ ቦታ ለመያዝ ይህን ያህል ዶላር ላኩ» የሚል መልእክት ከመጣ እሱ የምርምር ፕሮግራም ሳይሆን ንግድ ነው።

ለሼንገን ቪዛ የምታመለክቱ ከሆነ ጊዜው እንደ ቀድሞው አይደለም። የአውሮፓ ኅብረት ምክር ቤት በኤፕሪል 2024 ለኢትዮጵያውያን አመልካቾች የተለመደውን የ15 ቀን የውሳኔ ጊዜ ወደ 45 ቀን አራዝሟል። በዚህ ላይ የቀጠሮው ወረፋ አለ፤ ቀጠሮውም አዲስ አበባ ነው፣ ከጅማ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ። ደንቡ ከጉዞው ስድስት ወር አስቀድሞ ማመልከት ስለሚፈቅድ የመቀበያ ደብዳቤው በደረሰ ሳምንት ቀጠሮ ያዙ። ፓስፖርቱ ከመመለሻው ቀን በኋላ ቢያንስ ሦስት ወር የሚያገለግል፣ ሁለት ባዶ ገጽ ያለው ይሁን፤ መድኑ ቢያንስ 30,000 ዩሮ ይሸፍን። ለወጣት ተማሪ ከባዱ ጥያቄ «ትመለሳለህ ወይ?» የሚለው ነው። ለዚህ ከሬጅስትራር በሚቀጥለው ሴሚስተር የተመዘገባችሁና የምትጠበቁ መሆኑን፣ ትምህርቱ የሚጀመርበትንም ቀን የሚገልጽ ደብዳቤ ያስፈልጋል። ተራ የተማሪነት ማረጋገጫ ይህን አይልም፤ ምን እንዲጻፍ እንደምትፈልጉ ለይታችሁ ንገሯቸው።

ካልተሳካ ክረምቱ ጅማ ላይ

የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ባያልፍ አይደነቅም፤ የሚቀጥለው ዓመት ማመልከቻ የሚሠራው ግን በዚሁ ክረምት ነው። ከተማው አጠገብ መልኮ ላይ የጅማ ግብርና ምርምር ማዕከል አለ፤ የአገሪቱ የቡና ምርምር ዋና ቦታ ነው። ዩኒቨርሲቲው በግልገል ጊቤ አካባቢ የመስክ ምርምር ማዕከል አለው። ከሁለቱም ይልቅ የሚቀርበው ግን የራሳችሁ ዲፓርትመንት ማስተርስ ተማሪ ነው፤ ክረምት ላይ ለመመረቂያ ጽሑፉ ናሙና ይሰበስባል፣ ረዳት ያስፈልገዋል፣ ከሱ ጀርባ ደግሞ ደብዳቤ ሊጽፍላችሁ የሚችል አድቫይዘር አለ።

በዕረፍት ጊዜ ካፌና ዶርም ላይኖር ስለሚችል ማደሪያና ምግብ ከራስ ነው። ይህ ለሁሉም አይቻልም። ለማይቻለው ያለው መንገድ መረጃው ነው፦ የተሰበሰበ መጠይቅ ማስገባትና ማጽዳት ከቤተሰብ ጋር ሆኖም ላፕቶፕ ካለ ይሠራል። ሥራውን ስትጀምሩ ድርሻችሁ ምን እንደሆነ፣ መቼ እንደሚያልቅ፣ ስማችሁ ምስጋና ላይ ይሁን ወይም ደራሲነት ውስጥ እንደሚገባ በግልጽ ተነጋገሩ። የላብ ደብተር ያዙ፤ ቀኑን፣ የሠራችሁትንና ያልሠራላችሁን ጻፉበት። ጥቅምት ላይ መግለጫ ለመጻፍ ስትቀመጡ የምትገለብጡት እሱን ነው።